«ምኗ ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ ሕግ መልስ እንዲኖረው፦ የአንድ ራፖር ጸሐፊ ምክር

ደሴ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ላስቲክ ወጥሬ፣ መጀመሪያ በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና፣ ኋላም በኮምፒውተር፣ የሰው አቤቱታ ስጽፍ 31 ዓመት ኖሬያለሁ። የውርስ፣ የድንበር፣ የቀለብ፣ የፍቺ፤ ያልጻፍኩት የለም። ለገዛ እህቴ ቤት ግን የትኛውም ችሎት የሚቀበለው አቤቱታ መጻፍ አልቻልኩም። ሁለት ሴቶች የመሠረቱትን ቤተሰብ የሚያውቅ ሕግ በአገራችን የለም። ይህ ሕግ እንዲለወጥ ለመሟገት የምታስቡ ሰዎች ከየት እንደምትጀምሩና ምን እንደምትጠነቀቁ ከሙያዬ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ስሜን ያልጻፍኩት አንዲት ልጅና አንዲት ሴት በእኔ ስም ተፈልገው እንዳይገኙ ነው።

እህቴ ባሏ ሲሞት የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአንዲት ሴት ጋር መኖር ጀመረች፤ 12 ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። ልጅቱ ያቺን ሴት «እቴቴ» እያለች አደገች፤ እኔም እዚህ እቴቴ እላታለሁ። ጎረቤቱ አብሮ አደጎች ናቸው ይል ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ አልጠየቅኋቸውም፣ አልነገሩኝም። ለበዓል ስሄድ ግን ለሁለቱ አንድ ስጦታ ነበር የምይዘው፤ እሱም በመካከላችን እንደ ንግግር ነበር።

አንድ ሌሊት እህቴን ሕመም ጣላትና ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ለቀዶ ሕክምናው ፊርማ ተጠየቀ። እቴቴን «ምኗ ነሽ?» አሏት። «አብሬያት የምኖር ነኝ» አለች። «ዘመድ ጥሪ» ተባለች። እኔ ለለቅሶ ኮምቦልቻ ነበርኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ በዚያ በጉም ሌሊት ግን የሐረጎ ዳገት አላልቅ አለኝ። ስደርስ ሊነጋ ነበር። ሐኪሙ የምትወስደው መድኃኒት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አላውቅም። የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ አለኝ፤ አላውቅም። እቴቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም መለሰችልኝ። ፊርማው ግን የእኔ ነበር። እህቴ በዘጠነኛው ቀን አረፈች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሕጉ መሠረት ነው። ቤቱ በእህቴ ስም ስለነበር ወራሽ ልጅቱ ሆነች፤ ይህ ተገቢ ነው። እቴቴ ከደሞዟ ቆጥባ በጓሮ ያሠራቻቸው ሁለት ክፍሎች ግን አንድ ወረቀት አልነበራቸውም። የልጅቱ አሳዳሪና ሞግዚት እኔ አጎቷ ሆንኩ። ልጅቱ ከእቴቴ ጋር መኖሯን እንድትቀጥል አደረግሁ፤ ይህን ማንም አላስገደደኝም፣ ማንምም ሊከለክለኝ አይችልም ነበር። ሌላ አጎት ቢሆን ልጅቱን በዚያው ሳምንት ወስዷት ይሄድ ነበር፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ይቆም ነበር። በመስከረም ትምህርት ቤት ስትመዘገብ እቴቴ ቅጹን ሞላችና ለፊርማ አመጣችልኝ። «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» በሚለው የራሷን ስም ጽፋለች። «ዝምድና» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ፣ «ጎረቤት» ብላለች። «ምን ልበል ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

ከሁሉ በፊት ሰዎቹን ጠብቁ። የወንጀል ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ደግሞ ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ስለዚህ በምትጽፉት ማናቸውም ነገር የአልጋ ጉዳይ አይገባም። የምትጽፉት ስለ ቤት ነው፤ ማን ኪራይ ከፈለ፣ ማን ልጅ አሳደገ፣ ማን አስታመመ። ይህ ከሰዎቹ አደጋን ያርቃል፤ ሕግ ሊያውቀው የሚገባውም ይኸው ነው። የስም ዝርዝር አትያዙ። ፎቶግራፍ አትሰብስቡ። ታሪክ የነገራችሁን ሰው ሰፈር፣ የሥራ ቦታና የልጁን ትምህርት ቤት ከማስታወሻችሁ አስወጡ። ደሴ ከተማ ናት እንጂ እንደ አንድ መንደር ነች፤ ከሰኞ ገበያ የተነሣ ወሬ ቡናው በረካ ሳይደርስ ፒያሳ ይገባል። ሐሳብን የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተጽፏል፤ ሕግ ይለወጥ ብሎ መከራከርና ድርጊቱን መፈጸም የተለያዩ ናቸው። ሆኖም የተጻፈ መብት መንገድ ላይ ከለላ አይሆንም። በስማችሁ በግልጽ መናገር ያለባችሁ ሕጉ የማይከለክልበት አገር የምትኖሩ ናችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ያለውን ሰው «ለምን አትወጣም?» እያላችሁ አትጎትቱት።

ቀጥሎ ታሪኩ ነው። አቤቱታ ሦስት ነገር አለው፤ የሆነው ነገር፣ ማስረጃው፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። ደንበኞቼ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ይጀምሩ ነበር፤ ገና ሳይቀመጡ «ተበድያለሁ፣ ይፈረድልኝ» ይላሉ። እኔም «ቀኑን ንገሩኝ» እል ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። «ተበደልን፣ እኩልነት ይገባናል» ብሎ የጀመረ ጽሑፍ ሰሚውን ገና በደጃፍ ያጣዋል። ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ቁጭ አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ጠይቁ፦ ያ ቀን ምን ቀን ነበር? የትኛው መስኮት ፊት ቆማችሁ ነበር? ምን ተባላችሁ? ምን መለሳችሁ? በዚያ ምክንያት ምን ቀረባችሁ? «ምኗ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ በየመዝገብ ቤቱ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየባንኩ ይጠየቃል። መልስ የታጣበትን ቦታ በመልስ ማጣት ከደረሰው ጉዳት ጋር አያይዛችሁ ካገኛችሁ አቤቱታችሁ ግማሹ ተጽፏል።

ማስረጃ ስትሰበስቡ የቤት ወረቀት ፈልጉ። የኪራይ ውል፣ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የልጅ ቅጽ። እቴቴ የእህቴን የመድኃኒት ደረሰኞች በቢስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በየወሩ ጠቅልላ በክር አስራ አስቀምጣቸው ነበር፤ ያንን ቆርቆሮ ከፍቼ ሳይ በሥራዬ ዘመን ሁሉ ከያዝኳቸው ብዙ የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች ይበልጥ ትዳር የሚመስል ነገር አየሁበት።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። የወንጀል ሕጉ የሚጠቀምበትን ቃል በጽሑፋችሁ ውስጥ ሕጉን ስትጠቅሱ ካልሆነ በቀር አታስገቡት፤ ቃሉ ፍርዱን አዝሎ ስለሚመጣ አንባቢው ታሪኩ ሳይደርሰው ይዘጋል። «የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች» በቂ ነው። ለሽማግሌ ወይም ለእናት ስትናገሩ እሱም ላያስፈልግ ይችላል፤ «ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ» በሉ፤ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይደርስበታል፤ ራሱ የደረሰበትን ደግሞ በቀላሉ አይጥለውም።

ሕጉን በእጃችሁ ያዙ። ከመሐላ ይልቅ አንቀጽ ይሻላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶችና ሴቶች የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት አላቸው ይላል። ተቃዋሚያችሁ ይህ ወንድ ከሴት ማለት ነው ይላችኋል፤ እስከ ዛሬ የተያዘውም ትርጉም ይኸው ነው፤ የለም ብላችሁ አትካዱ። ወደ አንቀጽ 25 ሂዱ። ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጎ ልዩነት የማይደረግባቸውን ነገሮች ከዘረዘረ በኋላ «ወይም በሌላ አቋም» ይላል። ክርክራችሁ የሚቆመው በእነዚህ ቃላት ላይ ነው። አንቀጽ 13 ደግሞ መሠረታዊ መብቶች የሚተረጎሙት ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ነው ይላል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን አገራችን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች፤ የዚያ ቃል ኪዳን ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1994 ቱነን የተባለ አውስትራሊያዊ ባቀረበው አቤቱታ ላይ፣ በጾታ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ የሚለው ድንጋጌ ማንን ታፈቅራለህ ተብሎ መለየትንም ይሸፍናል ሲል ወስኗል። እነዚህን ሦስቱን በሰንሰለት አያይዟቸው።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን ሌላ አንቀጽ ነው። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎችን ያውቃል። አንቀጽ 102 አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው ይላል። ሕጋችን እንግዲህ ያለ ሰርግና ያለ ማኅተም በኑሮ ብቻ የተመሠረተ ቤት እንዳለ አምኗል። እቴቴና እህቴ 12 ዓመት ኖረዋል። ወንድና ሴት ቢሆኑ ኖሮ እነዚያን የጓሮ ክፍሎች በተመለከተ እቴቴ የምትቆምበት መሬት ነበራት። ልብ በሉ፣ ፌዴራሉ ሕግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሠራው። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ እሱን የሚያሻሽለው ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ለተሳሳተ መሥሪያ ቤት የተጻፈ አቤቱታ የቱንም ያህል ቢያምር መልስ የለውም።

ዳኝነቱን ስትመርጡ ከትልቁ አትጀምሩ። ይህን የምለው ትልቁ አይገባም ብዬ አይደለም፤ ጋብቻ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ደቡብ አፍሪካውያን የሄዱበትን መንገድ ተመልከቱ። ሕገ መንግሥታቸው ቀድሞውኑ ጾታዊ ዝንባሌን በስም ጠቅሶ ከልዩነት ይጠብቅ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ደረጃ በደረጃ ነው የወጡት። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የወንጀል ድንጋጌውን ሻረ። በ1999 የውጭ ዜጋ የሆነ አጋር አብሮ የመኖር ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። በ2002 አንዲት ዳኛ ለሴት አጋሯ የጡረታ መብት አስከበረች፤ በዚያው ዓመት ሁለት ሴቶች ያሳደጓቸውን ሁለት ልጆች በጋራ በጉዲፈቻ ለመያዝ ተፈቀደላቸው። ጋብቻውን የሚመለከተው ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ ወር 2005 ነው፤ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር መጨረሻ 2006። እያንዳንዱ ፍርድ ለሚቀጥለው ደረጃ ሆኖ አገልግሏል፤ ጡረታና ልጅ ከሰርግ ቀድመዋል። ቦትስዋና ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 ክልከላውን ሲሽር ይግባኝ ሰሚው በ2021 አጸናው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ ድርጊቱ አሁንም ወንጀል ሆኖ ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2023 የእነዚህን ሰዎች መብት የሚያስጠብቅ ማኅበር እንዳይመዘገብ መከልከል ሕገ ወጥ ነው አለ። ስም ለማስመዝገብ ብቻ አሥር ዓመት ገደማ ተከራክረዋል። የእኛን ርዝመት በዚህ ገምቱ።

እስከዚያው ቤቱ እንዳይፈርስ ባለው ሕግ የሚቻለውን አድርጉ፤ ይህም ሙግት ነው። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ እህቴ ብታደርገው ኖሮ የማይደርስ ነገር ደርሷል፤ እኔም በየቀኑ ለባዳ ስጽፈው ኖሬ ለእሷ ጻፊ አላልኳትም።

ቤት ሲገዛ ወይም ሲሠራ ካርታው በሁለት ስም ይሁን፤ የጋራ ባለሀብት ለመሆን መጋባት አያስፈልግም። ካልሆነ ኑዛዜ ጻፉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት መነበቡንና ቀኑን ኑዛዜው ራሱ መናገር አለበት፤ ከዚያ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስለጎደለች ብቻ ስንት ኑዛዜ ሲወድቅ አይቻለሁ። ምስክር ማብዛት የሚያሰጋ ከሆነ ተናዛዡ በገዛ እጁ ይጻፈው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጾ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀንና ፊርማ አኑሮ። በኮምፒውተር አይጻፍ። ደግሞም በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በሕይወት የቀረ ብቸኛ ወላጅ ለልጁ አሳዳሪና ሞግዚት በኑዛዜ መሰየም ይችላል፤ «እቴቴ ታሳድጋት» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ያ ቅጽ ለእኔ ፊርማ አይመጣም ነበር። ውክልናም ጠቃሚ ነው፤ ለባንኩ፣ ለመሥሪያ ቤቱ። ግን ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል፤ ሰዎች ይህን ስለማያውቁ ውክልና ይዘው ኑዛዜ አለን ብለው ይተኛሉ።

ከሕጉ ወጣ ብሎ ደግሞ እድር አለ። እኔ ይህን ሞክሬዋለሁ። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ቤተሰብ ብሎ የሚቆጥረው ባልን፣ ሚስትን፣ ልጅን፣ ወላጅን፣ እህትና ወንድምን ነው። እህቴ ስትሞት ድንኳኑ በእኔ ስም ተተከለ፤ እቴቴ እንደ እንግዳ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ አለቀሰች፤ የእድሩ ሰው ሲያጽናና ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ከዓመት በኋላ በእሑድ ስብሰባ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ጠየቅሁ፦ «አባሉ በሕይወት ሳለ በጽሑፍ ያስመዘገበው፣ በአንድ ቤት አብሮት የሚኖር አንድ ሰው እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል።» ሁለት ጊዜ ለሌላ ቀን ተባለ። በሦስተኛው አንድ አዛውንት «ለማን ብለህ ነው?» አሉኝ። «ዘመድ ሳይኖረው ሰው ላለው ሁሉ» አልኳቸው። ውሸት አልተናገርኩም፤ ሁሉንም ግን አልተናገርኩም። አንቀጹ አለፈ። መጀመሪያ ያስመዘገቡት አንዲት መበለት ናቸው፤ ያስመዘገቡትም ከ30 ዓመት በፊት በሠራተኛነት ገብታ ዛሬ እሳቸውን የምታስታምመውን ሴት ነው። ሁለተኛው የጓደኛውን ልጅ ያሳደገ ሰው ነው። ሦስተኛ ያስመዘገበውን አልነግራችሁም።

እንዲህ ያለ አንቀጽ በመሥሪያ ቤት የሕክምና ሽፋን ደንብ፣ በቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ ይሠራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣችው የጥንዶች ውል የወንድና ሴት ወይም የተመሳሳይ ጾታ ሳይል ለሁሉም የተከፈተ ነበር፤ ጋብቻ ለሁሉም የሆነው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። ከትምህርት ቤት ቅጽ ላይ «ዝምድና» የሚለውን አንስቶ «ለልጁ ያለዎት ኃላፊነት» ብሎ መተካት ማንንም አያስቆጣም፤ ለአንዲት እቴቴ ግን ብዙ ነው።

ስለ ሃይማኖት መጠየቃችሁ አይቀርም። ደሴ ውስጥ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ጎህ ይሰማል፤ ወሎ በአንድ ቤት ሰይድና ገብሬ ወንድማማች ሆነው የሚኖሩበት አገር ነው፤ እዚህ ሃይማኖትን የናቀ ሙግት ሙግት አይባልም። እኔ ለቄሱም ለሸኩም የምለው አንድ ነው፦ የምጠይቀው መዝገብ ቤቱን እንጂ ቤተ መቅደሱን ወይም መስጊዱን አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ሕግ የትኛውም የሃይማኖት ተቋም ካልፈለገ እንዲያጋባ አይገደድም። ደግሞ ጥያቄውን ወደ ልጁ መልሱት፤ «እናቷ የሞተችባትን ልጅ ካሳደገቻት ሴት ነጥቆ ለሌላ መስጠት በእርስዎ ዘንድ እንዴት ይታያል?» በሉ። የቲም የማያሳዝነው አዛውንት ወሎ ውስጥ አልገጠመኝም። ዝም ካሉ ዝም በሉ። አታሸንፏቸው፤ ተሸናፊ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለው አንዳንድ ወጣቶች በ1949 የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ ሊቅ ናቸው፣ ክልከላው ራሱ ከፈረንጅ የመጣ ነው እያሉ ይመልሳሉ። አትጠቀሙበት። ፍትሐ ነገሥቱም ይከለክላል፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ይህን ካነሣ የቀረው ክርክራችሁ ሁሉ አብሮ ይወድቃል። የእህቴ ቤት የተሠራው በጦሳ ሥር፣ በእነሱ ላብ ነው። ከእሱ የተሻለ መልስ የለም።

የምትልኩበት ቦታ ጥቂት ነው፤ በትዕግሥት ተጠቀሙበት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ቀርቦ ውሳኔው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ነገር ግን በደንብ የተዘጋጀ ጉዳይና ራሱን ለማጋለጥ ወዶ የወሰነ ሰው ሳይኖር አትክፈቱት፤ ያለ ጊዜው የተሸነፈ ጉዳይ ከኋላ ለሚመጡት በር ይዘጋል። ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብአዊና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ውሳኔ 275 በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት በሰዎች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን አውግዟል፤ ስለ ጋብቻ አይናገርም፣ ስለ ደኅንነት ግን ይናገራል፤ በዚያው ልክ ጥቀሱት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እያንዳንዱን አገር በአራት ዓመት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ይገመግማል፤ ከዚያ በፊት የሲቪል ማኅበራት ጽሑፍ ይቀበላል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ከዚህ የሚላክላችሁን ታሪክ አታጋንኑት፤ አንድ ቀን ወይም አንድ ቃል ከተጨመረበት ባለታሪኩ እዚህ ሆኖ አላልኩም ማለት እንኳ አይችልም።

ጽሑፉን አጭር አድርጉት፤ ከሦስት ገጽ አይብለጥ። ፍሬ ነገሩን በቁጥር ከፋፍሉ፣ አባሪዎቹን በተራ ቁጥር ጥቀሱ፣ የምትጠይቁትን በመጨረሻው አንቀጽ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ። የላካችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ቅጂውን ከቤታችሁ ውጭ አስቀምጡ።

እኔ ባዘጋጀሁት ላይ አባሪ ቁጥር 1 ያ የትምህርት ቤት ቅጽ ነው። የልጅቱን ስም፣ የእቴቴን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ማኅተምና የእኔን ፊርማ በጥቁር ቀለም ሸፍኜዋለሁ። ሳይሸፈን የቀረው «ዝምድና» የሚለው መስመርና ከፊቱ የተጻፈው «ጎረቤት» ብቻ ነው።